በስልክም በእግርም፦ ባለፈው ክረምት እናቴን ያሳከምኩባቸው አገልግሎቶች

ክረምት ላይ አገር ቤት ደርሶ የተመለሰ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያወራው ስለ ሆቴሉ፣ ስለ አውሮፕላኑና ስለ አዲሶቹ መንገዶች ነው። የእኔን ጉዞ ግን ከጊዜውም ከገንዘቡም ትልቁን ድርሻ የወሰደው ሕክምና ስለነበረ የምጽፈው ስለ እሱ ነው። እናቴ አዲስ አበባ ትኖራለች፤ ስኳርም ደም ግፊትም አለባት። አክስቴ ደግሞ ከቡታጅራ ወጣ ብሎ ባለ ገጠር ቀበሌ ውስጥ ናት። በሁለቱ ምክንያት የግል ክሊኒኩንም፣ የመንግሥት ሆስፒታሉንም፣ የመድኃኒት ፍለጋውንም፣ የጤና ኬላውንም በአንድ ክረምት አየኋቸው። ፍራንክፈርት ውስጥ በነርስነት ስለምሠራ ዓይኔ መጀመሪያ የሚያርፈው እንዲህ ባለው ነገር ላይ ነው።

መለኪያዬን አስቀድሜ ልናገር። አንድ የዲጂታል አገልግሎት ጥሩ ነው የምለው ሕመምተኛውንና አስታማሚውን ከመመላለስ ሲያድናቸው ነው። ጠረጴዛው ላይ ኮምፒዩተር ተቀምጦ ሰው ግን እንደ ድሮው ከመስኮት ወደ መስኮት የሚዞር ከሆነ ለእናቴ ምንም አልተለወጠላትም።

«እናንተ ጋ እኮ ሁሉም ነገር በኮምፒዩተር ነው» የሚለኝ ዘመድ ብዙ ነው። እንደሚባለው አይደለም። ጀርመን የኤሌክትሮኒክ የመድኃኒት ማዘዣን ግዴታ ያደረገችው በጃንዋሪ 2024 ነው፤ የኤሌክትሮኒክ የሕክምና ማኅደሩ በመላ አገሪቱ የተዳረሰው ደግሞ በኤፕሪል 2025። ማዘዣው ግዴታ እስኪሆን ድረስ ሕመምተኞቻችን በወረቀት ይዘውት ነበር ፋርማሲ የሚሄዱት፤ ፋክስም ገና ከሆስፒታሎቻችን አልወጣም። ስለዚህ የምጽፈው አገሬን ከሀብታም አገር ጋር አወዳድሬ ለማሳነስ አይደለም። ኢትዮጵያ ውስጥ አንዳንዱ ነገር እኛ ጋ ካለው ቀድሞ ሄዷል፣ አንዳንዱ ደግሞ በጣም ትንሽ ነገር ጎድሎት ቆሟል።

በግል ክሊኒኩ ልጀምር። ቀጠሮ የሚያዘው በቴሌግራም ነው፤ ስም፣ ስልክና የሚፈለገውን ሐኪም ጽፎ መላክ ይበቃል። ከዚህ በፊት አንድ ዘመድ በማለዳ ሄዶ ተራ መያዝ ነበረበት፤ አሁን ያ ቀርቷል። ችግሩ የመጣው ከማስታወሻው መልእክት ነው። ቀጠሮው 8፡30 ነው ይላል። እናቴ ምሳዋን በልታ ከእህቴ ልጅ ጋር ልክ 8 ሰዓት ተኩል ላይ ደረሰች። ሥርዓቱ የሚቆጥረው በፈረንጅ ሰዓት ኖሮ ቀጠሮዋ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ አልፏል፤ ሐኪሙም ወጥቷል። እንግዳ ተቀባይዋ ልጅ በትሕትና «ይቅርታ ያድርጉልን እማማ፣ ሲስተሙ ነው» አለቻትና ለሌላ ቀን መዘገበቻት። ስኳር ያለባት አሮጊት በክረምት ዝናብ ታክሲ ተጋፍታ መጥታ በባዶ ተመለሰች። «ጠዋት» የሚል አንድ ቃል ቢጨመር ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ።

የዘመን አቆጣጠሩ ጉዳይ ከሰዓቱ ይከፋል፤ ምክንያቱም አይታይም። እዚያው ክሊኒክ ሲመዘግቧት «መቼ ተወለዱ?» ብለው ጠየቋት፣ 1948 አለች። ጸሐፊው እንዳለ 1948 ብሎ አስገባው። ኮምፒዩተሩ በፈረንጅ ስለሚቆጥር እናቴ በአንድ ጊዜ ሰባት ስምንት ዓመት አረጀች። ይህ የቁጥር ጨዋታ ሊመስል ይችላል፤ ለስኳር ሕመምተኛ ግን ከባድ ነው። ኩላሊት ምን ያህል እንደሚያጣራ የሚሰላው ከደም ውስጥ ካለው ክሬአቲኒን፣ ከፆታና ከዕድሜ ነው። ዕድሜ ሲጨምር የሚወጣው ውጤት ይቀንሳል። 60 የሚባለው ወሰን አካባቢ ላለ ሰው፣ ከዚህ የመጣ ትንሽ ልዩነት «ኩላሊትዎ ደክሟል» ሊያስብል ይችላል፤ የመድኃኒት ምርጫም በዚያ ላይ ይቆማል። የላብራቶሪውን ወረቀት ሳየው ዕድሜዋ 77 ይላል። ነገርኳቸው፤ ወዲያው አስተካከሉት። ነገር ግን እዚያ የሚመዘገቡት አረጋውያን ሁሉ አጠገባቸው የሚቆም ነርስ የላቸውም። ለኢትዮጵያ ሆስፒታል የሚሠራ ሶፍትዌር በእኛ አቆጣጠር ተቀብሎ ራሱ ማስላት አለበት። ይህ ከብዙ የውጭ እርዳታ ጋር የሚመጣ ነገር አይደለም፤ የአገር ውስጥ ፕሮግራመር የሚሠራው ሥራ ነው።

የመንግሥት ሆስፒታሉን ስፈራው ነበር፤ የጠበቀኝ ግን ሌላ ነው። ካርድ ክፍል ማለት ድሮ መስኮት ሥር ተሰብስቦ ስም እስኪጠራ መቆም፣ ካርድ ጠፍቷል ሲባልም አዲስ ማውጣት ነበር። አሁን የካርድ ቁጥሯን ስትሰጥ ልጁ ከኮምፒዩተሩ ላይ ወዲያው አገኛት። ተመላላሽ ክፍል ስንገባም ሐኪሟ ያለፈውን ክትትል፣ የምትወስደውን መድኃኒትና የጠዋቱን የደም ውጤት ስክሪኑ ላይ ያያል። ከላብራቶሪ ወረቀት ይዞ የሚሮጥ አስታማሚ አልነበረም። እኔ እስከማውቀው ድረስ እዚያ ሆስፒታል ውስጥ ከታየው ለውጥ ሁሉ ለሕመምተኛው የሚበጀው ይሄ ነው። ሐኪሙም ወረቀት ሲያገላብጥ ያጠፋ የነበረውን ጊዜ እናቴን ለመጠየቅ አዋለው፤ ጫማዋን አስወልቆ እግሯን አየ። የስኳር ሕመምተኛን እግር የሚያይ ሐኪም ባገኘሁ ቁጥር ደስ ይለኛል።

ክፍያውም ተሻሽሏል። ቴሌብር ሥራ የጀመረው በ2013 ግንቦት ላይ ነው፤ ዛሬ ተጠቃሚዎቹ ከ50 ሚሊዮን በላይ ናቸው። ለካርድ፣ ለላብራቶሪ፣ ለመድኃኒት ሁሉ በስልክ ይከፈላል። የእህቴ ልጅ ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ከፈለ። ነገር ግን ከከፈለ በኋላ ገንዘብ ቤቱ መስኮት ሄዶ ደረሰኙን ማስመታት አለበት፤ ላብራቶሪው ማኅተም ያለበት ወረቀት ካላየ ደም አይቀዳም። ሰልፉ እዚያው ቆሟል፤ የተወገደው ገንዘብ መቁጠሩ ብቻ ነው። ክፍያው እንደተፈጸመ ላብራቶሪው ስክሪን ላይ ቢታይ ያ መስኮት ባላስፈለገም ነበር። ሁለቱም ሥርዓት እዚያው ግቢ ውስጥ አለ፤ የቀረው ማገናኘት ነው።

የሚያሳዝነኝ ግን መረጃው ከሆስፒታሉ አጥር አለመውጣቱ ነው። ለዓይኗ ወደ ሌላ ሆስፒታል ሪፈር ስትባል የተሰጠን በእጅ የተጻፈ ወረቀት ነው። እዚያ ስንደርስ እንደ አዲስ ካርድ አወጣች፣ እንደ አዲስ ታሪኳን ተናገረች፣ ግማሹን ምርመራም ደገሙላት። የእናቴ ሙሉ የሕክምና ታሪክ ያለው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ቁም ሣጥኗ ውስጥ በተሰቀለ ፌስታል ውስጥ። ከ12 ዓመት በፊት ያነሳችው ራጅ ሳይቀር እዚያ አለ። ስትሄድ ይዛው ትሄዳለች፣ ስትመለስ ትሰቅለዋለች። ፌስታሉ ቢጠፋ የሚያውቃት ሐኪም የለም።

ስምም ያስቸግራል። የሆስፒታሎቹ መዝገብ ስም የሚይዘው በእንግሊዝኛ ፊደል ነው፤ ፀሐይ የምትባል ሴት በአራት ዓይነት መንገድ ልትጻፍ ትችላለች። በአማርኛ ቢሆንም ሀሌታው ሀ ነው ሐመሩ ሐ፣ ጸሎቱ ጸ ነው ፀሐዩ ፀ የሚለው አለ። ቁጥሩን የረሳ ሰው በስሙ ሲፈለግ አይገኝም፤ ስለዚህ ለአንድ ሰው ሦስት ካርድ ይከፈታል፣ አንዱ ላይ የተጻፈው የመድኃኒት አለርጂ በሌላው ላይ የለም። ለዚህ መፍትሔው ቅርብ ይመስለኛል። በ2015 በወጣው አዋጅ ቁጥር 1284 ሕጋዊ የሆነው ፋይዳ የተባለው ዲጂታል መታወቂያ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ቁጥር ይሰጣል፤ ባንኮች ይጠይቁታል። ሆስፒታሎች ሁሉ በዚያ ቁጥር ቢመዘግቡ ፌስታሉ ቁም ሣጥን ውስጥ ሊቀር ይችላል። አንድ ነገር ግን አጥብቄ እለምናለሁ፦ ፋይዳ የሌለው ሰው ከድንገተኛ ክፍል በር እንዳይመለስ።

አሁን ወደ መድኃኒቱ። በዚህ ጉዞ ከሁሉም በላይ ያደከመን ይሄ ነው። የሆስፒታሉ ፋርማሲ ለግፊቷ የሚሆነውን ሰጠን፤ ኢንሱሊኑ ግን የለም ተባለ። ከነማ መድኃኒት ቤት ሄድን፣ አልቋል። ከዚያ ከጥቁር አንበሳ ዙሪያ እስከ ተክለ ሃይማኖት በእግር መዞር ጀመርን። በየደጃፉ ማዘዣውን ያዩና አንገታቸውን ይነቀንቃሉ። አንዱ ወንድም «ነገ ሞክሪ» አለኝ፣ ሌላው «ውጭ ያለ ዘመድ ካለሽ ላኪ በይው» አለኝ፤ ውጭ ያለሁት ዘመድ እኔው ነኝ። ብሩ ሐምሌ 22 ቀን 2016 በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተለቀቀ በኋላ ከ57 ብር የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አልፏል። ከውጭ በሚገባ መድኃኒት ላይ ያ ምን እንዳደረገ ለማወቅ አንድ የፋርማሲ ባለሙያ መጠየቅ ይበቃል።

በመጨረሻ ያገኘነው በቴሌግራም ነው። አዲስ አበባ ውስጥ መድኃኒት የሚፈላለጉባቸው ግሩፖች አሉ፤ ማዘዣህን ፎቶ አንስተህ ትለጥፋለህ፣ ያለው ሰው ይመልስልሃል። ሦስት መልስ ወዲያው መጣ። አንዱ ፈቃድ ያለው ፋርማሲ ነበረና ከእሱ ገዛን። ሌላው «ከዱባይ በሻንጣ የመጣ ነው፣ ዋጋው ይቀንሳል» የሚል ነበር። ኢንሱሊን እስኪከፈት ድረስ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለ ቅዝቃዜ ውስጥ መቀመጥ አለበት። በሻንጣ የመጣው የት እንዳደረ ማን ያውቃል? መልኩ ያው ነው፤ ጉልበቱ ግን አልቆ ሊሆን ይችላል፤ ሕመምተኛዋ እየተወጋች ስኳሯ ከፍ ይላል። ደግሞ ግሩፑ ውስጥ የተለጠፉትን ማዘዣዎች ስመለከት ደነገጥኩ፤ የሰው ሙሉ ስም፣ የሕመሙ ዓይነት፣ የሐኪሙ ፊርማ፣ ሁሉም በሺዎች ፊት ተዘርግቷል። የኤችአይቪ መድኃኒት የሚፈልግ ሰው ማዘዣ ሳይቀር አየሁ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጁ፣ ቁጥር 1321፣ በ2016 ወጥቷል፤ መድኃኒት ያጣ ሰው ግን ስለ አዋጅ አያስብም። ግሩፖቹ ይዘጉ አልልም፤ ዛሬ ሕይወት እያተረፉ ያሉት እነሱ ናቸው።

የሚያንገበግበኝ መረጃው በመኖሩ ነው። የመንግሥት ጤና ተቋማት የመድኃኒት ክምችታቸውን የሚመዘግቡበት ዳጉ የሚባል ሥርዓት አለ። የትኛው መጋዘን ውስጥ ምን እንዳለ ለማወቅ የተሠራ ነው። ያ መረጃ ለባለሙያዎቹ ብቻ ነው የሚታየው። አንዲት እናት ከስልኳ «ይህ ኢንሱሊን ዛሬ የት አለ?» ብላ ጠይቃ «እገሌ ክፍለ ከተማ ያለው ከነማ» የሚል መልስ ብታገኝ ኖሮ ያን ሁሉ ደጃፍ ባልዞርንም ነበር። ለእኔ ዲጂታል ጤና ከዚህ በላይ የሚጀምርበት ቦታ የለም። ከሐኪም ጋር በቪዲዮ መነጋገር ደስ ይላል፤ መድኃኒቱ ከሌለ ግን ሐኪሙ የሚያዝዘው ምኑን ነው?

በአጭር ቁጥር ተደውሎ ሐኪም የሚገኝበትን አገልግሎትም ሞከርን፤ ሂሳቡ ከስልኩ ካርድ ላይ ይቆረጣል። ጾመ ፍልሰታ እየገባ ነበርና እናቴ ኢንሱሊን እየወጋች መጾም ትፈልጋለች። እኔ ነግሬያት አልሰማችኝም፤ ልጅ የሚለውና ሐኪም የሚለው አንድ አይደለም። ሐኪሙ በትዕግሥት አዳመጣት። ሳይበሉ ኢንሱሊን መወጋት ስኳርን በድንገት እንደሚጥል፣ ላብና መንቀጥቀጥ ሲመጣ ምን ማድረግ እንዳለባት ነገራት፤ «እማማ፣ የንስሐ አባትዎን ያማክሩ፣ ለሕመምተኛ እኮ ይፈቀዳል» አላት። ከንስሐ አባቷ ጋር ተነጋግራ ቁርሷን መብላት ጀመረች። ለዚህ አገልግሎት ሙሉ ነጥብ እሰጣለሁ። አንድ ጉድለት አለበት፦ አጭር ቁጥር ከውጭ አገር አይደወልም። እናቶቻችንን ከሩቅ ሆነን የምንከታተል ልጆች ብዙ ነን፤ በመደበኛ ቁጥር ወይም በኢንተርኔት የምንገባበት መንገድ ቢኖር በደስታ እንከፍላለን።

ከቡታጅራ እስከ አክስቴ ቀበሌ መንገዱ በባጃጅ ይጀመርና በጭቃ በእግር ያልቃል። እዚያ ያየሁት ነገር ከአዲስ አበባው ሁሉ በልጦብኛል። ጠዋት ቡና ተፈልቶ ሳለ የቀበሌው ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ቦት ጫማዋን አድርጋ፣ ታብሌቷን በላስቲክ ጠቅልላ መጣች። አክስቴ «ነይ ልጄ፣ ግቢ» ብላ ቦታ ሰጠቻት። ልጅቱ ታብሌቷን ከፍታ የአክስቴን ቤተሰብ ስም በስም አወጣች፤ በዚያ ቤት ውስጥ ማን እንዳለ፣ ማን ክትባት እንደቀረው፣ ማን ነፍሰ ጡር እንደሆነች። ኔትወርክ አልነበረም፤ አላስፈለጋትም። መረጃው ታብሌቱ ላይ ይቀመጥና መስመር ያለበት ቦታ ስትደርስ ወደ ጤና ጣቢያው ይላካል። የአክስቴ የልጅ ልጅ የመጀመሪያውን የኩፍኝ ክትባት በ9 ወሩ ወስዷል፤ በ15 ወሩ የሚወሰደው ሁለተኛው አልፎበታል። ማንም አላስታወሰም ነበር። ታብሌቱ አስታወሳት፣ እሷ ደግሞ ጭቃውን አቋርጣ መጣች። እናትየዋን በየትኛው ቀን ወደ ጤና ኬላ ይዛው እንደምትመጣ ነግራ ቡናዋን ጠጥታ ወደሚቀጥለው ቤት ሄደች።

የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራሙ የተጀመረው በ1995 ነው። በየቀበሌው ሁለት ሴቶች ተመድበው፣ ጠቅላላ ቁጥራቸው ወደ 40,000 ተጠግቶ፣ አንድ ጤና ኬላ ከ3,000 እስከ 5,000 ለሚሆን ሕዝብ ያገለግላል። በ2000 እ.ኤ.አ. ከ100,000 በሕይወት የተወለዱ ሕፃናት አንጻር 871 እናቶች ይሞቱ ነበር፤ በ2016 እ.ኤ.አ. ጥናት 412 ደርሷል። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ እነዚህ ሴቶች ግን የሌሉበት አይደለም። ታብሌቱ የመጣው እግር ያለው ሥራ ላይ ነው፤ ለዚህ ነው የሠራው።

ሸክሟን ግን አልቀነሰላትም፣ ይሄን መናገር አለብኝ። ታብሌቱ ላይ የመዘገበችውን ሁሉ ጤና ኬላ ስትደርስ የቤተሰብ ፎልደር በሚባለው የወረቀት መዝገብ ላይ በእጇ ትገለብጣለች፤ ሪፖርት የሚጠየቀው በሁለቱም ነው። ጤና ኬላው መብራት ስለሌለው ታብሌቱን ቻርጅ የምታደርገው በሶላር ነው፤ ክረምት ላይ ደመናው ሳይገለጥ ሲቆይ ከተማ ወስዳ ሰው ቤት ትሰካዋለች። ለመንግሥትም ለለጋሾችም የምለው፦ ወረቀቱን አንሱላት። አዲስ መተግበሪያ ከመጨመር በፊት የነበረውን ድርብ ሥራ ማስቀረት ይቅደም።

የኔትወርኩ ነገር ከዚህ ሁሉ በታች ያለ መሠረት ነው። ትግራይ ከ2013 ጥቅምት ጀምሮ ለሁለት ዓመት ገደማ ከስልክና ከኢንተርኔት ተቆርጣ ኖራለች፤ አማራ ክልልም ከ2015 ሐምሌ መጨረሻ ጀምሮ ለረጅም ጊዜ የሞባይል ኢንተርኔት ተዘግቶበት ነበር። ስልኩም ኢንተርኔቱም የተቆረጠበት ሕመምተኛ በቴሌብር አይከፍልም፣ በቴሌግራም መድኃኒት አይፈልግም፣ ሐኪም ጋ አይደውልም። ጤናን በመስመር ላይ የሚያስቀምጥ መንግሥት መስመሩን መቁረጥን ሆስፒታል ከመዝጋት ለይቶ ማየት አይችልም። የአክስቴ ቀበሌ ታብሌት ያለ ኔትወርክ እንዲሠራ ሆኖ መዘጋጀቱን ያደነቅኩትም በዚህ ምክንያት ነው።

በዚህ ዓመት ወላጅ ለማሳከም የምትሄዱ ካላችሁ፦ ቦሌ እንደወረዳችሁ በፓስፖርታችሁ ሲም ካርድ አውጡና ቴሌብር ክፈቱ። ቀጠሮ ሲነገራችሁ ጠዋት ነው ከሰዓት ብላችሁ ጠይቁ፤ የተወለዱበት ዓመት ሲመዘገብ ስክሪኑን አሳዩኝ በሉ። የወላጆቻችሁን ውጤትና ማዘዣ በሙሉ ፎቶ አንሱና በየዓመቱ ለይታችሁ አስቀምጡ፤ ፌስታሉ ሁለተኛ ቅጂ ይኑረው። ማዘዣ ቴሌግራም ላይ የምትለጥፉ ከሆነ ስሙን በጣታችሁ ሸፍኑና የመድኃኒቱ ስም ብቻ ይታይ። ኢንሱሊን ከሆነ ከማቀዝቀዣ ሲወጣ ካላያችሁ አትግዙ። ገጠር ዘመድ ላላችሁ ደግሞ፦ በ2003 በ13 ወረዳዎች የተሞከረው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ዛሬ በብዙ ቦታ ይሠራል፤ ዓመታዊ እድሳቱ አብዛኛውን ጊዜ እህል ከተሰበሰበ በኋላ ነው። የአክስቴን እድሳት ከፍራንክፈርት በእህቴ ልጅ ቴሌብር በኩል ልኬ፣ እሱ ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ሄዶ ከፍሎላታል፤ ደብተሯ ላይ ማኅተሙ ተመትቶ ፎቶው ደርሶኛል።